አያቴ የሚጫወቱት የትኛውን ነው? ለቤተሰብና ለጓደኛ ጨዋታ ስትመርጡ

ባለፈው ገና ከውጭ የመጣ ዘመዳችን ትልቅ ሳጥን ይዞ ደብረ ብርሃን ገባ። ቦርድ ጌም (የሰሌዳ ጨዋታ) ነው። ማታ ሁላችንም ተሰበሰብን፣ ሳጥኑ ተከፈተ፣ ካርዶቹ ወጡ። እያንዳንዱ ካርድ ላይ አራት አምስት መስመር እንግሊዝኛ ተጽፏል። አያቴ አንዱን አንስተው ወደ መብራቱ አስጠጉት። ገለበጡት። መልሰው አስቀመጡትና "እኔ ቡናውን ላፍላ" ብለው ተነሱ። አጎቴም ትንሽ ቆይተው ጋቢያቸውን ሰበሰቡና ወደ ጓዳ ገቡ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የቀረነው ሦስት ሰዎች ነን፣ ያውም ገና ሕጉን እያነበብን።

ጨዋታው መጥፎ አልነበረም። በሌላ ቀን ሦስታችን ስንጫወተው ደስ ብሎናል። ለዚያ ማታ ግን አልሆነም። ከዚያ ወዲህ አዲስ ጨዋታ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው አያቴ "ምን ይላል? አንብብልኝ" ሳይሉ ሊጫወቱት ይችላሉ ወይ ብዬ ነው። ለሌሎች ይህ ጥያቄ ትንሽ ሊመስል ይችላል፣ እኛ ቤት ግን ግማሹን ሳጥን ከመጀመሪያው ያስቀራል።

ሁለተኛው መለኪያዬ ቡና ነው። እኛ ቤት ከአቦል እስከ በረካ አንድ ሰዓት ገደማ ይሄዳል። በዚያ ውስጥ ያለቀ ጨዋታ "እንድገመው" ይባላል፣ ያላለቀው ደግሞ ቁም ሳጥን ላይ ይወጣና አቧራ ይጠጣል።

"ካርታና ዳማ እያለልን ምን ጎደለን?" የሚል አይጠፋም፤ አጎቴ ራሳቸው ብለውኛል። እኔም ዳማ እወዳለሁ። በቆርኪ እየተጫወትኩ ነው ያደግሁት። ገበጣም ደስ ይለኛል። ግን ሁለቱም የሁለት ሰው ጨዋታ ናቸው። ስምንት ሰው ባለበት ቤት ሁለቱ ይጫወታሉ፣ ስድስቱ ከኋላ ቆመው "ብላው! ያንን ብላው እንጂ!" እያሉ ይጮኻሉ። ካርታ ብዙ ሰው ይይዛል፣ ኮንከር የለመደ ሰው ደግሞ ሌላ ጨዋታ ላያምረው ይችላል። ችግሩ ብዙ ቤት ካርታ ማለት ቁማር ነው። አያቴ ንጉሥና ንግሥት የተሳለበት ካርታ ምንጣፋቸው ላይ እንዲቀመጥ አይፈልጉም፣ ያለ ገንዘብ ነው ብላችሁ ብትምሉም አይሰሟችሁም። ቁጥር ብቻ ያለበት ካርድ ሲያዩ ግን ምንም አይሉም። ልዩነቱ ምን እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም፣ እንዳይነቁብኝ ብዬ።

ሞኖፖሊንም ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እኔ አልመክረውም። የከሰረ ሰው ይወጣና ሌላው ሲከብር ቁጭ ብሎ ያያል፣ ጨዋታው ደግሞ አላልቅ ይላል። መነሻው ሊዚ ማጊ የምትባል አሜሪካዊት በ1904 የፈጠራ መብት ያገኘችበት ጨዋታ ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሴትየዋ የሠራችው መሬት በጥቂት ሰዎች እጅ ሲገባ ሌላው እንዴት እንደሚደኸይ ለማሳየት ነበር። እኛ ቤት በደንብ ታይቷል፤ አጎቴ ከስረው ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።

አዲሶቹ ጨዋታዎች በአብዛኛው ይህንን አስተካክለዋል። ሰው አያስወጡም፣ የሚያልቁበትም ሰዓት ይታወቃል። ጀርመኖች ከ1979 ጀምሮ በየዓመቱ አንድ ጨዋታ "የዓመቱ ጨዋታ" ብለው ይሸልማሉ፤ ሽልማቱ በአብዛኛው ለቤተሰብ ወደሚሆኑት ያደላል። ከዚህ በታች ከማወራላችሁ ውስጥ ካታን፣ ካርካሶን፣ ቲኬት ቱ ራይድ፣ ዲክሲት፣ ኮድኔምስና አዙል ወስደውታል። ለአያቴ ይሆናል አይሆንም የሚለውን ግን ሽልማቱ አይነግራችሁም።

ካታን ወይስ ቲኬት ቱ ራይድ

ትልቅ ሳጥን ለመግዛት የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው እነዚህን ሁለት ስሞች ነው። ካታንን ክላውስ ቶይበር የሚባል ጀርመናዊ በ1995 አወጣው። 19 ባለ ስድስት ጎን ካርቶኖች ተገጣጥመው ደሴት ይሆናሉ። ሁለት ዳይስ ይወረወራል፣ በወጣው ቁጥር ላይ ቤት የሠራ ሰው እንጨት፣ ጡብ፣ በግ፣ እህል ወይም ማዕድን ያገኛል። በዚያ መንገድ ይሠራል፣ መንደር ይቆረቁራል፣ መንደሩን ከተማ ያደርጋል፣ መጀመሪያ 10 ነጥብ የሞላ ያሸንፋል። ጣዕሙ ግን ንግዱ ላይ ነው። ሁሉም ነገር የያዘ ሰው የለም፣ ስለዚህ "እንጨት ስጠኝ፣ እህል ልስጥህ"፣ "አንድ ጨምርና" እየተባለ ሳሎኑ የገበያ ቀን ይመስላል።

ከመንዝ ሰው ጋር ስትጫወቱት ግን ተዘጋጁ። ደሴቱ ላይ የግጦሽ መሬት 4 ነው፣ ጡብ የሚወጣበት ኮረብታ 3 ብቻ። ስለዚህ በግ ይረክሳል፣ ጡብ ይወደዳል። የሚነግዳችሁ ሰው ካጣችሁ ከባንክ ጋር ትነግዳላችሁ፣ ባንኩ ደግሞ ከአንድ ዓይነት አራት ተቀብሎ አንድ ነው የሚሰጠው። አጎቴ ይህንን ሲሰሙ ካርዶቻቸውን ደረታቸው ላይ ለጠፉ። "አራት በግ ለአንድ ጡብ? ማነው ይህንን የፈረደው?" አሉ። ከዚያ በኋላ ማንም ቢለምናቸው አንድ በግ አልሸጡም። ይኸው ዳይሱ 7 አመጣ። 7 ሲወጣ ከ7 በላይ ካርድ የያዘ ሰው ግማሹን ይጥላል። አጎቴ ዐሥር ይዘው ነበር፣ አምስት ጣሉ፣ አምስቱም በግ። "ጅብ እንኳ በአንድ ሌሊት አምስት አይፈጅም" ብለው ሳምንት ሙሉ አወሩት። ተሸንፈዋል፣ ግን እስከ ዛሬ "ያቺ የበግ ጨዋታ" እያሉ የሚጠይቁኝ እሳቸው ናቸው።

የካታን ጉድለቱ ሦስት ነው። ከሦስት ሰው በታች አይሆንም፣ ከአራት በላይ ደግሞ ተጨማሪ ሳጥን ይፈልጋል። ከአንድ ሰዓት ያልፋል፣ ክርክር የሚወድ ቤተሰብ ካላችሁ ደግሞ በረካም አይበቃው። ሌባ የሚባል ጠጠር አለ፤ እሱን የሌላ ሰው መሬት ላይ ስታስቀምጡበት ቂም ይያዛል። እንግሊዝኛ የተጻፈባቸው ካርዶች አሉት፣ ብዙ አይደሉም፣ ሥዕላቸውን አንዴ ካስረዳችሁ ያልፋል።

ቲኬት ቱ ራይድ የአለን ሙን ሥራ ነው፣ የወጣው በ2004። ከሁለት እስከ አምስት ሰው ይይዛል። ለእያንዳንዱ 45 ትንንሽ ባቡሮች ይሰጠዋል። ተራችሁ ሲደርስ ከሦስት ነገር አንዱን ነው የምታደርጉት፤ ባለ ቀለም ካርድ ታነሳላችሁ፣ ወይም በሰበሰባችሁት ካርድ በሁለት ከተሞች መካከል ባቡር ትዘረጋላችሁ፣ ወይም አዲስ ትኬት ትወስዳላችሁ። ትኬቱ "ከዚህ እዚህ አገናኝ" የሚል የምስጢር ሥራ ነው፣ ካልጨረሳችሁት ነጥቡ ይቀነሳል። በቃ ይኸው ነው። ለዐሥር ዓመት ልጅ ለማስረዳት አንድ ስኒ ቡና እስኪቀዳ ይበቃል።

እዚህ ያለው ችግር የከተሞቹ ስም ነው። የመጀመሪያው ሰሌዳ የአሜሪካ ካርታ ነው፣ ስሞቹ በላቲን ፊደል። እኛ በትንንሽ ወረቀት በአማርኛ ጽፈን ሰሌዳው ላይም ትኬቱ ላይም ለጠፍንበት፣ ግማሽ ቀን ፈጀብን፣ ሳጥኑን ያመጣው ልጅም አበላሻችሁት ብሎ አኮረፈ። አሁን ግን አያቴ ከሲያትል ኒው ዮርክ ባቡር ይዘረጋሉ፣ የት እንዳሉ ባያውቁም።

ስለዚህ እድሜው ለተቀላቀለ ቤት ቲኬት ቱ ራይድ ይሻላል። አራት ጓደኛሞች ሆናችሁ መከራከር ከወደዳችሁ ካታን። ሁለት ሰው ብቻ ከሆናችሁ ካታንን ከነአካቴው እርሱት።

ምንም ጽሑፍ የሌላቸው፤ ካርካሶንና አዙል

መለጠፍ የማትፈልጉ ከሆነ እነዚህ አሉ። ካርካሶን በ2000 ወጣ፣ የሠራው ክላውስ ዩርገን ቭሬደ ነው፣ ስሙን ያገኘው በግንብ ከታጠረች የፈረንሳይ ከተማ ነው። 72 ካሬ ካርቶኖች አሉት። በተራችሁ አንድ ታወጣላችሁ፣ መንገድ ከመንገድ፣ ቅጥር ከቅጥር እንዲገጥም ታስቀምጣላችሁ፣ ከፈለጋችሁ ላዩ ላይ ትንሽ የእንጨት ሰው ታቆማላችሁ። ሜዳ ላይ የሚተኙትን ገበሬዎች የሚመለከት ሕግ አለ፣ እሱ ጭንቅላት ያዞራል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ጨዋታ ያለ ገበሬ ተጫወቱ፣ ምንም አይጎድልባችሁም። አንድ ምክር ግን ልስጣችሁ፤ አጎዛ ላይ አትጫወቱት። ካርቶኖቹ ይንሸራተታሉ፣ አንድ ልጅ ሲነሳ ከተማው በሙሉ ይፈርሳል።

አዙል የሚካኤል ኪስሊንግ ነው፣ የ2017። ሀሳቡ የመጣው ከፖርቱጋል የግድግዳ ሸክላ ነው። አምስት ዓይነት የሚያማምሩ 100 ጠፍጣፋ ጠጠሮች አሉት። አያቴ ሲያዩት "ጥለት ነው" አሉና ሕጉ ሳይነገራቸው በቀለም በቀለም መደርደር ጀመሩ። በተራችሁ ከአንድ ሰሃን የአንድ ቀለም ጠጠሮችን በሙሉ ታነሳላችሁ፣ የቀሩት ወደ መሃል ይሄዳሉ። ከሚያስፈልጋችሁ በላይ ካነሳችሁ ትርፉ ይሰበራል፣ ነጥብ ያስቀንሳል። እንግዲህ ተንኮሉ እዚህ ጋ ነው፤ ጎረቤታችሁ የማይፈልገውን ስድስት ጠጠር እንዲያነሳ ማድረግ ይቻላል። ሲያዩት ጥልፍ ይመስላል፣ ሲጫወቱት ሌላ ነው። እናቴ በዚህ ጨዋታ ላይ ፊቷ ሳይለወጥ የምታደርገውን ብታዩ ትፈሯታላችሁ።

አዙል አራት ሰው ላይ ያበቃል፣ ካርካሶን አምስት ይይዛል። ለሁለት ሰው ሁለቱም ጥሩ ናቸው፣ እኔ ግን አዙልን እመርጣለሁ። መብራት ከጠፋና ሻማ ላይ ከሆናችሁ ግን የአዙል ሰማያዊና ጥቁር አይለይም፤ እኛ ጋ ታኅሣሥ ላይ በውርጭ ሌሊት መብራት ሲሄድ ሁለት ጊዜ ተጣልተንበታል። ሸዋ ሮቢት ያለችው እህቴ ደግሞ በሙቀቱ የተነሳ ውጭ ዛፍ ሥር ነው የሚጫወቱት፣ እዚያ ነፋስ የወረቀት ካርድን ይበትናል፣ የአዙል ጠጠር ግን ከባድ ስለሆነ ንቅንቅ አይልም። ምርጫ እንደ አገሩ ነው።

መሸነፍ የማይወድ ሰው ካላችሁ

አንድ ቤተሰብ ውስጥ ተሸንፎ ሰሌዳ የሚገለብጥ ሰው አይጠፋም። ለእንዲህ ያለው ሁሉም በአንድ ወገን ሆነው ከጨዋታው ጋር የሚታገሉበት ዓይነት አለ። በጣም የታወቀው ፓንደሚክ ነው፣ ማት ሊኮክ በ2008 ያወጣው። አራት በሽታዎች በ48 ከተሞች ይዛመታሉ፣ ተጫዋቾቹ ሐኪምና ተመራማሪ ሆነው መድኃኒት ይፈልጋሉ። አራቱንም መድኃኒት ካገኛችሁ አሸነፋችሁ፣ የምትሸነፉበት መንገድ ግን ሦስት ነው። ካርቱም አለችበት፣ አዲስ አበባ የለችም።

እኛ ቤት አልሠራም። እንግሊዝኛው አንድ ነገር ነው፣ ትልቁ ችግር ግን አለቃ መሆን የሚወድ አንድ ሰው ካለ ጨዋታው የእሱ ብቻ ይሆናል። "አንተ ካይሮ ሂድ፣ አንቺ ያንን ጣዪ"፤ ሌላው እጁን ብቻ ነው የሚያበድረው። አጎቴ ታላቅ ስለሆኑ ደግሞ "ተዉ" የሚላቸው የለም።

ለዚህ መድኃኒቱ ዘ ማይንድ ነው፣ በ2018 የወጣ የቮልፍጋንግ ቫርሽ ጨዋታ። ከ1 እስከ 100 የተጻፈባቸው ካርዶች አሉ። በመጀመሪያው ዙር ለእያንዳንዱ አንድ ካርድ ይታደላል፣ በሁለተኛው ሁለት፣ እያለ ይጨምራል። ሁላችሁም ካርዶቻችሁን ከትንሹ ወደ ትልቁ በቅደም ተከተል ታስቀምጣላችሁ፣ ግን መናገርም መጠቆምም ክልክል ነው፣ ተራም የለም። ዝም ብሎ መተያየት ብቻ። 40 የያዘ ሰው ምን ያህል ይጠብቅ? እሱ ነው ጨዋታው። ማዘዝ ስለማይቻል አለቃ የለም። ከአራት ሰው በላይ አይሆንም እንጂ እኛ ቤት እንዲህ ያለ ፀጥታ ከጸሎት ውጪ ሰምቼ አላውቅም።

ዲክሲት፤ የአያቴ ጨዋታ

ከሳጥን ጨዋታ ሁሉ አንድ ብቻ ግዛ ብትሉኝ ይህን ነው የምገዛው። ዲክሲትን የሠራው ዣን ሉዊ ሩቢራ የሚባል ፈረንሳዊ ነው፣ በ2008። 84 ካርዶች አሉት፣ አንድም ቃል አልተጻፈባቸውም፣ ሕልም የሚመስል ሥዕል ብቻ። እያንዳንዱ ሰው ስድስት ይይዛል። ባለ ተራው አንዱን መርጦ ሳያሳይ አንድ ነገር ይናገራል፤ ቃል፣ ዓረፍተ ነገር፣ ዘፈን፣ የፈለገውን። ሌሎቹ ከእጃቸው ለተባለው የሚቀርብ ሥዕል ይሰጡታል፣ ይበወዛል፣ ይዘረጋል፣ የእሱ የትኛው እንደሆነ ይገመታል። ሁሉም ካወቁት ተናጋሪው ዜሮ። ማንም ካላወቀው አሁንም ዜሮ። ስለዚህ በጣም ግልጽ መሆንም በጣም መደበቅም አያዋጣም፣ መካከል ላይ መቆም ያስፈልጋል።

ሰምና ወርቅ ሰምቶ ላደገ ሰው ይህ ምኑ ይከብዳል? አያቴ መጀመሪያ ቀን ላይ "ቀስ በቀስ" ብለው ዝም አሉ። ሁላችንም እንቁላል ያለበት ሥዕል ፈለግን። የእሳቸው ቀንድ አውጣ ያለበት ነበር። ያገኘችው የእህቴ ልጅ ብቻ ናት፣ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ተረቱን ስለማታውቀው እንቁላል ትዝ አላላትም። ሁለቱም ሦስት ሦስት ነጥብ ወሰዱ፣ እኛ አስተዋዮቹ ተሸወድን።

የመጀመሪያው እትም ከሦስት ሰው ጀምሮ እስከ ስድስት ነው፣ እኔ ከአራት በታች አልመክርም። ብዙ ጊዜ ከተጫወታችሁት ሥዕሎቹን ትለምዷቸዋላችሁ፣ ያኔ ፍንጩም ይደጋገማል። ለእሱ ተጨማሪ ካርዶች ይሸጣሉ፣ እኛ ግን የድሮ መጽሔት ሥዕሎች ቆርጠን ጨመርን።

ኡኖ? ኡኖ ኡኖ ነው። ከ1971 ጀምሮ አለ፣ ልጆች ይወዱታል፣ ሰባት ሰባት ታድላላችሁ፣ ይጀመራል። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፤ "ሁለት ሳብ" ላይ ሌላ "ሁለት ሳብ" መደረብ በአምራቹ ሕግ አይፈቀድም። ስንት ቤት እንደሚያጣላ ስለማውቅ ነው።

ሳትገዙ መጫወት

እውነቱን ለመናገር አብዛኞቻችን ሳጥኑን የምናገኘው ከውጭ የሚመጣ ሰው ሲኖር ነው፣ ያውም ሻንጣው ላይ ቦታ ከተረፈ። ግን ጥሩ ጥሩዎቹ ጨዋታዎች ውስጥ ከቁጥርና ከቃል በቀር ምንም የሌላቸው አሉ። ዘ ማይንድን አሁን ነገርኳችሁ፣ መቶ ቁራጭ ወረቀት ነው። የደብተር ወረቀት ግን አይሆንም፣ በሻማ ሲያዩት ከጀርባው ይነበባል። የጫማ ካርቶን ይሻላል። ጀርባቸው አንድ ዓይነት ይሁን፣ አንዱ ላይ ጭረት ካለ ልጆቹ በአንድ ቀን ይለዩታል። ነጥብ ደግሞ በሽምብራ ቆሎ አትቁጠሩ። ይበላል።

ከእነዚህ ሁሉ ኮድኔምስ በአማርኛ ሲሠራ ከሳጥኑ የተሻለ ይሆናል። ይህንን ማጋነን እንዳይመስላችሁ፣ ምክንያት አለኝ። ጨዋታው በ2015 የወጣ ነው፣ ቭላዳ ኽቫቲል የሚባል የቼክ ሰው ሥራ። 25 ቃላት አምስት በአምስት ይደረደራሉ። ሁለት ቡድን፣ ለእያንዳንዱ አንድ መሪ። ሁለቱ መሪዎች ብቻ የሚያዩት ቁልፍ አለ፤ 9 ቃል የጀማሪው ቡድን፣ 8 የሌላው፣ 7 የማንም፣ አንዷ ደግሞ ገዳይ። መሪው አንድ ቃልና አንድ ቁጥር ብቻ ይናገራል። "ብርድ፣ 3" ካለ ከብርድ ጋር የሚሄዱ ሦስት ቃላት አሉ ማለት ነው፤ ጋቢ፣ ጓሳ፣ ፍም ሊሆን ይችላል። ቡድኑ ይገምታል። ገዳይዋን የነካ ቡድን እዚያው ያበቃለታል።

አማርኛ ለዚህ የተመቸበት ምክንያት ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን ስለማይጽፍ ነው። ወረቀት ላይ "ገና" ብላችሁ ጻፉ። በዓሉ ነው ወይስ "ገና ነው"? "ዋና" ውኃ ውስጥ ነው ወይስ ዋናው ነገር? "ሰፊ" ልብስ የሚሰፋው ነው ወይስ ሰፊ ሜዳ? "ሽፍታ" ጫካ የገባውም ነው፣ ቆዳ ላይ የሚወጣውም። እንዲህ ያሉ ቃላት እየፈለጋችሁ መቶ ያህል ጻፉ፣ ጨዋታው በራሱ ይከራል። አንዴ እኔ መሪ ሆኜ "ወንዝ፣ 3" አልኩ። ዓሣ፣ ድልድይና ዋና ማለቴ ነው። ዓሣና ድልድይን አገኙ። "ዋና" ላይ ሲደርሱ እህቴ "ዋናው ምኑ?" ብላ አለፈችው፣ "ሽፍታ ወንዝ ማዶ ነው የሚደበቀው" ብላ ሽፍታን ነካች። ገዳይዋ እሷ ነበረች።

ቁልፉን ባለ ሳጥን ደብተር ላይ አምስት በአምስት ሥላችሁ ትቀባላችሁ። ዐሥር ከሠራችሁ ይበቃል፣ እያንዳንዱን አዙራችሁ በአራት በኩል ስለምትጠቀሙበት አርባ ይሆናል። ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ሕግ ላይ ተስማሙ፤ ጠረጴዛው ላይ "መጽሐፍ" ካለ "ጸሐፊ" ብሎ ፍንጭ መስጠት የለም፣ ሥሩ አንድ ነው። ይህንን ካላላችሁ ግማሹ ማታ በሰዋስው ክርክር ያልቃል። መሪው ማሳልም አይችልም። አጎቴ መሪ ሲሆኑ የሚይዛቸው ሳል ሐኪም አያድነውም።

ፊደል የማያነብ ሰው ቤታችሁ ካለ ይህ ጨዋታ አይሆነውም። እንቆቅልሽ ላይ አንደኛ የሆነ ሰው፣ "አገር ስጠኝ" ማለት የማያውቅ ሰው፣ በንባብ ብቻ ጎን ላይ ይቀራል። ለእሱ ያልኳችሁን ዲክሲት፣ ወይም በቃላቱ ፋንታ ሥዕል መሣል።

ብዙ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ከስድስት በላይ ሰው የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል፣ ከላይ ካወራኋቸው አብዛኞቹ እዚያ ላይ ይወድቃሉ። እኛ የምናወጣው ጀርመኖች "ስድስት ይወስዳል" የሚሉትን ነው፣ የቮልፍጋንግ ክራመር ጨዋታ፣ በ1994 የወጣ። ከሁለት እስከ ዐሥር ሰው ይይዛል። ከ1 እስከ 104 ካርድ ትሠራላችሁ፣ እያንዳንዱ ላይ የበሬ ራስ ትሥላላችሁ። በ5 የሚያልቅ ቁጥር ሁለት በሬ፣ በዜሮ የሚያልቅ ሦስት፣ 11፣ 22፣ 33 እያሉ የሚሄዱት አምስት፣ 55 ብቻዋን ሰባት፣ የቀሩት አንድ አንድ። ዐሥር ዐሥር ታድላላችሁ፣ አራት ካርድ መሬት ላይ አራት ረድፍ ትጀምራላችሁ። ሁሉም አንድ ካርድ ደብቆ ያወጣል፣ እኩል ይገለጣል፣ ከትንሹ ጀምሮ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ካርድ ከእሱ ከሚያንሱት የረድፍ መጨረሻዎች በጣም ወደሚቀርበው ይሄዳል። ስድስተኛ ሆኖ የደረሰ ካርድ ባለቤቱ በፊቱ ያሉትን አምስቱን ይወስዳል፣ ከነበሬዎቻቸው። ካርዱ ከአራቱም ረድፍ መጨረሻ ካነሰ ደግሞ አንዱን ረድፍ መርጦ ያነሳል። አንድ ሰው 66 በሬ ሲሞላ ያበቃል፣ ትንሽ በሬ ያለው ያሸንፋል።

የቅርጫ ተቃራኒ ነው። ቅርጫ ላይ መደብህ ትልቅ ይሁን ብለህ ትጸልያለህ፣ እዚህ በሬ የደረሰህ ቀን ከሰርክ። አያቴ ይህችን ይወዷታል። ቁጥር ያነባሉ፣ ንጉሥና ንግሥት የለባትም፣ ዐሥር ሰው ያስቀምጣል፣ ቶና ሳይቀዳ ያልቃል። ባለፈው ፋሲካ ሲጫወቱ አንድ ዙር ላይ ያቺ 55 የተቀመጠችበትን ረድፍ ማንሳት ግድ ሆነባቸው። በማግሥቱ ስንቆጥር 103 ካርድ ነው ያለን። ምንጣፉን አንስተን፣ የሶፋውን ትራስ ገልብጠን ፈለግን፣ የለችም። ከሰል ምድጃው አጠገብ የተቀመጡት እሳቸው ነበሩ፣ ግን ማን ይጠይቃቸዋል። አዲስ 55 ከጫማ ካርቶን ቆርጠን ሠርተናል፣ ቀለሙ ትንሽ ስለሚለይ አሁን ሁሉም ሰው ከጀርባው ያውቃታል።